ባክ ምን አለ?
በአንድ ውሻ ልብ ወለድ ላይ 120 ዓመት የዘለቀ የአንባቢዎች ሙግት

ሳጥኑን አራት ሰዎች ተሸክመው ግንቡ ከፍ ባለ ጠባብ ጓሮ ውስጥ አስቀመጡት። ከተማዋ ሲያትል ናት። በርብራቡ ውስጥ ያለው ውሻ ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት እህል ውኃ አልቀመሰም፤ አንገቱ በገመድ ታንቆ ቆስሏል፤ ዐይኑ ደም መስሏል። ቀይ ሹራብ የለበሰ ደንዳና ሰውዬ መዝገብ ላይ ፈረመና መጥረቢያ ይዞ ርብራቡን ይፈለቅቅ ጀመር። ውሻውን የሚያወጣ ቀዳዳ ሲከፈት መጥረቢያውን ጥሎ ቆመጡን ወደ ቀኝ እጁ አዛወረ።

ስልሳ ኪሎ የሚያልፈው እንስሳ ተወርውሮ ወጣ። ገና አየር ላይ እንዳለ ቆመጡ አገኘው። በዕድሜው በዱላ ተመትቶ አያውቅምና ምን እንደ ነካው እንኳ አልገባውም። ተነሥቶ ደግሞ ዘለለ፤ ደግሞ ወደቀ። ከዐሥር ጊዜ በላይ ሞከረ። በመጨረሻ ራሱን ስቶ ተዘረረ። ሲነቃ ሰውዬው ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ራሱን እያሻሸ ውኃ ሰጠው፤ ጥሬ ሥጋም በእጁ አጎረሰው። ውሻው በላ።

ይህ የሆነው ጃክ ለንደን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1903 ባሳተመው “የዱር ጥሪ” በተሰኘው ልብ ወለድ የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) አንባቢዎች የሚለያዩትም እዚሁ ነው። አንዱ “ይህ ለልጅ የሚሰጥ መጽሐፍ አይደለም” ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው “ዓለም እንዲህ ናት፤ ልጅም ይወቃት” ይላል። ሦስተኛው በሰውዬው ተናዶ፣ አራተኛው በውሻው ጽናት ተደንቆ ገጹን ይገልጣል። ጥቂቶች ደግሞ ያቺን ጉርሻ ይጠየፏታል፤ ከመታው እጅ ለምን በላ?

ባክ የተባለው ውሻ ራሱ መልስ አይሰጥም። እኛ በአያ ጅቦና በእመት ጦጢት ያደግን ሰዎች እንስሳ ሲናገር መስማት ለምደናል። የለንደን ውሻ ግን አፍ የለውም። ስሜቱን ደራሲው ይነግረናል እንጂ ባክ ራሱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ አንዲት ቃል አይወጣውም። ታዲያ በእሱ ቦታ የተናገረው አንባቢው ነው። ፕሬዚዳንት ተናግሯል፤ አብዮተኛ ተናግሯል፤ ቤቱን ጥሎ የሄደ ወጣትም ተናግሯል።

አንድ ክረምት

ነገሩ የሚጀምረው ከወርቅ ነው። በነሐሴ 1896 በካናዳ ሰሜን ምዕራብ፣ ክሎንዳይክ በተባለው ወንዝ ገባር ላይ ወርቅ ተገኘ። ወሬው ደቡብ የደረሰው በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ፣ ወርቅ የጫኑ መርከቦች ሳን ፍራንሲስኮና ሲያትል ሲገቡ ነው። አንድ መቶ ሺህ ያህል ሰው ወደ ሰሜን እንደ ተነሣ ይገመታል፤ ግማሹ እንኳ አልደረሰም። የ21 ዓመቱ ጃክ ለንደን ወሬው በተሰማ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ከእንጀራ እኅቱ ባል ጋር ሐምሌ 25 ቀን 1897 መርከብ ተሳፈረ። አዛውንቱ የእኅቱ ባል ዳገቱን ባዩ ጊዜ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ለንደን ቀጠለ።

የካናዳ ፖሊስ የዓመት ስንቅ ያልያዘ ሰው ድንበር እንዳያልፍ አዝዞ ነበር። የዓመት ስንቅ ማለት ዕቃው ሁሉ ተደምሮ አንድ ቶን ገደማ ነው። ያንን በጀርባ ተሸክሞ፣ የቺልኩትን ዳገት እየተመላለሱ ማጓጓዝ ግድ ሆነ። በጎረቤቱ መተላለፊያ፣ በዋይት ፓስ፣ ሦስት ሺህ ያህል ፈረሶች እግራቸው እየተሰበረ፣ በረሃብና በድካም እንዳለቁ ይነገራል፤ መንገዱም “የሙት ፈረስ መንገድ” ተባለ። በረዶ ላይ የሚያዋጣው ውሻ ነው። ጠጉራቸው የጠና፣ አጥንታቸው የበረታ ትልልቅ ውሾች ዋጋቸው ጣሪያ ነካ። በደቡብ ከየጓሮው መሰረቅም ጀመሩ። የልብ ወለዱ ባክም እንዲሁ ነው። ከካሊፎርኒያ አንድ ዳኛ ግቢ የሰረቀው የአትክልተኛው ረዳት ነው፤ የቁማር ዕዳና የማትበቃ ደመወዝ የያዙት ሰው።

ለንደን በዶውሰን ከተማ ሳለ ድንኳኑን ቦንድ ከተባሉ ሁለት ወንድማማቾች ጎጆ አጠገብ ተክሎ ነበር። የእነሱ ውሻ የሴንት በርናርድና የስኮትላንድ እረኛ ውሻ ድቅል ነው፤ ስሙም ጃክ ነበር። ደራሲው ባክን በዚያ ውሻ አምሳል እንደ ቀረጸው በኋላ ራሱ ጽፎላቸዋል። የወንድማማቾቹ አባት ዳኛ ነበሩ፤ በካሊፎርኒያ ሳንታ ክላራ ሸለቆም ሰፊ የእርሻ ግቢ ነበራቸው። መጽሐፉ የሚከፈትበት ያ ጸሐያማ ቤት የማን እንደ ሆነ ወንድማማቾቹ ለማወቅ አልተቸገሩም።

ክረምቱን ከዶውሰን በስተ ደቡብ በአንዲት የግንድ ጎጆ አሳለፈው። ትኩስ ምግብ ከጠፋ ወራት አለፉ፤ ድዱ አብጦ ይደማ፣ ጥርሱ ይነቃነቅ ጀመር። የቫይታሚን ሲ እጥረት የሚያመጣው ስከርቪ ነበር። በሰኔ 1898 በትንሽ ጀልባ ዩኮን ወንዝን ይዞ ወደ ባሕር ወረደ። ወደ ቤቱ ሲገባ በከረጢቱ ይህ ነው የሚባል ወርቅ አልነበረም። ያመጣው ወሬ ነው።

ለንደን “የዱር ጥሪ”ን ከመጻፉ በፊት ጨካኝ ጌታውን ስለሚገድል ክፉ ውሻ አንድ አጭር ልብ ወለድ አሳትሞ ነበር። በ1902 መጨረሻ ላይ “የውሻን ስም አጉድፌያለሁ፤ ልካሳት” ብሎ ሌላ አጭር ታሪክ ጀመረ። ያሰበው 4,000 ቃል ያህል ነበር፤ 32,000 ሆነ። ሳተርደይ ኢቪኒንግ ፖስት የተባለው መጽሔት በ750 ዶላር ገዝቶ በተከታታይ አወጣው። ማክሚላን ማተሚያ ቤት የመጽሐፉን መብት በ2,000 ዶላር ጠቀለለው። የመጀመሪያው ኅትመት 10,000 ቅጂ በአንድ ቀን አለቀ። መጽሐፉ ከዚያ ወዲህ በሚሊዮኖች ተሸጧል፤ ደራሲው ግን መብቱን አንዴ ሸጦታል።

ፕሬዚዳንቱ ተናደዱ

የመጀመሪያው ትልቅ ሙግት “እንስሳ ያስባል ወይ?” የሚል ነበር። በመጋቢት 1903፣ የለንደን መጽሐፍ ከመውጣቱ በፊት፣ የተፈጥሮ ጸሐፊው ጆን ቡሮስ በአትላንቲክ መጽሔት በእንስሳት ደራሲዎች ላይ ዘመቻ ከፍቶ ነበር። እንስሳን እንደ ሰው የሚያሳስቡ ጸሐፊዎች ሕዝቡን እያታለሉ ነው አለ። በ1907 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ራሳቸው ገቡበት። ፕሬዚዳንቱ አዳኝ ናቸው፤ አውሬ በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁ አልነበሩም። ለአንድ መጽሔት በሰጡት ቃለ ምልልስ የለንደንን ሁለተኛ የውሻ ልብ ወለድ “ነጭ ክራንቻ”ን አነሡ። በዚያ ታሪክ ተኩላ ቀመሱ ጀግና ከአንድ ቡልዶግ ጋር ተጋጥሞ ሊሞት ሲል ሰው ያድነዋል። ሩዝቬልት ይህን የጻፈ ሰው ተኩላ ሲዋጋ አይቶ አያውቅም ባይ ናቸው።

ለንደን በጊዜው በባሕር ጉዞ ላይ ነበር። መልሱን በመስከረም 1908 ኮሊየርስ መጽሔት ላይ አወጣ። ስለ ቡልዶጉ ሲናገር ቀልድ ቢጤ ጣል አደረገ፤ እሳቸው አይሆንም ይላሉ፣ እኔ ይሆናል እላለሁ፣ የፈረስ ውርርድስ የሚኖረው ሰው በሐሳብ ሲለያይ አይደል? ቁም ነገሩ ግን ከዚያ በኋላ ይመጣል። እንስሳን ሰው ማስመሰልን እኔም እቃወማለሁ አለ። ታሪኩ ፍሰቱን እያጣ እንኳ ውሻዬ ይህን የሚያደርገው አስቦ ሳይሆን እንዲሁ ነው እያልሁ ደጋግሜ ጽፌያለሁ አለ። ቀጥሎም ወደ ከሳሾቹ ዞረ፤ እንስሳ ከማሽን አይለይም፣ ጥቂት እንኳ አያመዛዝንም የሚል ሰው፣ መሰላሉን ወጥቶ ሲያበቃ ከታች ያሉ ዘመዶቹን እንደሚክድ ነው የሚል ክርክር አቀረበ።

ዛሬ ያንን ሙግት ስናየው ሁለቱም ወገን ከፊሉን ይዟል። እንስሳት በመጠኑ ያመዛዝናሉ የሚለው የለንደን አቋም ዛሬ የሚያስደነግጠው ሳይንቲስት የለም። የውጊያው ነገር ግን እንደዚያ አይደለም። ባክ ስፒትዝ የተባለውን መሪ ውሻ ገድሎ ቦታውን ይወስዳል፤ በኋላም ከተኩላ መንጋ ጋር በክራንቻው ተፋልሞ ይቀላቀላል። መንጋ ማለት በጉልበተኛ የሚገዛ ሠራዊት ነው የሚለው ሐሳብ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሳይንስም ውስጥ ገብቶ ነበር፤ መነሻው ግን በአጥር ውስጥ ተሰብስበው የተጠኑ፣ የማይዛመዱ ተኩላዎች ናቸው። ለመንጋ መሪ “አልፋ” የሚለውን ቃል በ1970 መጽሐፉ ያስፋፋው ተመራማሪ ዴቪድ ሜች በ1999 ራሱን አረመ። በዱር ያለ መንጋ አባት፣ እናትና ልጆቻቸው ናቸው፤ መሪ የሚሆነውም ወላጅ ነው እንጂ አሸናፊ አይደለም። ይህን የሚያውቅ የዘመናችን አንባቢ የባክን ንግሥና በፈገግታ ያልፈዋል።

በአንድ ነገር ግን ልብ ወለዱ ሳይንስን ቀድሞታል። በመጨረሻው ገጽ ላይ በዚያ አገር ተኩላዎች መካከል የቡናማና የነጭ ምልክት ያላቸው ግልገሎች መታየታቸው ይነገራል፤ የውሻው ዘሮች መሆናቸው ነው። በ2009 የዘረመል ተመራማሪዎች የሰሜን አሜሪካን ጥቋቁር ተኩላዎች መርምረው፣ ያ ጥቁር ጠጉር ከጥንት የቤት ውሾች የተወረሰ መሆኑን ደርሰውበታል። የሰው ውሻ ወደ ዱር ገብቶ መልኩን ትቶ አልፏል።

ጋሪውን የሚጎትተው ማን ነው?

ሁለተኛው ሙግት ፖለቲካ ነው። ለንደን ለኦክላንድ ከተማ ከንቲባነት በሶሻሊስትነት ሁለት ጊዜ የተወዳደረ፣ ከልጅነቱ በፋብሪካ ጉልበቱን የሸጠ ሰው ነበር። በዚያው ራስ ቅል ውስጥ ግን ዳርዊን፣ ስፔንሰርና ኒቼም ተጋፍተው ይኖሩ ነበር። ስለዚህ አንዱ አንባቢ ባክን ሲያይ “ጠንካራ ይኑር፣ ደካማ ይሙት” የሚል ትምህርት ያነባል። ሌላው ደግሞ የተሰረቀ፣ የተሸጠ፣ በዱላ የተገራና እስኪያልቅ የሚጎትት ሠራተኛ ያያል።

እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ምክንያቴም የመጽሐፉ ቁጥሮች ናቸው። ለንደን እንደ መጋዘን ጸሐፊ ይመዘግባል። ባክ የተሸጠው በ300 ዶላር ነው። ለሌሎቹ ውሾች የቀን ቀለብ 450 ግራም ያህል ደረቅ ዓሣ ነው፤ ለባክ ግዙፍ ነውና 680 ግራም፤ ያም አይበቃውም። ከአምስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ 4,000 ኪሎ ሜትር ጎትቷል። ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ የሰለቸ ዕቃ ሆኖ በርካሽ ይሸጣል። ገዢዎቹ ውሻ ነድተው የማያውቁ ሦስት ከተሜዎች ናቸው። ዐሥራ አራት ውሻ ይጠምዳሉ፤ ዐሥራ አራት ውሻ የሚበላውን ስንቅ ግን የበረዶ ጋሪው እንደማይችለው አያሰሉም።

ከሁሉ የሚበልጠው የዴቭ ታሪክ ነው። ዴቭ ከጋሪው ቀጥሎ የሚጠመድ፣ ማንንም የማያስቸግር፣ ከሥራው በቀር ምንም የማይወድ ውሻ ነው። ውስጡ ታመመ። ነጂው ይረፍ ብሎ ከጠፍሩ ፈትቶ በበረዶው ላይ ለቀቀው። ዴቭ ግን የራሱን ቦታ ሌላ ውሻ ይዞት ሲያይ አላስቻለውም፤ እየወደቀ እየተነሣ ከጋሪው ጎን ሮጠ፤ በመጨረሻም የተተኪውን ጠፍር በጥርሱ በጥሶ ቦታው ላይ ቆመ። ሰዎቹ ተያዩ። የለመደውን ሥራ የተነጠቀ ውሻ ልቡ ተሰብሮ እንደሚሞት ያውቃሉና መልሰው ጠመዱት። እየጎተተ ደጋግሞ ወደቀ። በነጋታው መነሣት አቃተው። ጋሪው ጥቂት እልፍ ብሎ ቆመ፤ ነጂው ብቻውን ወደ ኋላ ተመለሰ። አንድ የሽጉጥ ድምፅ ተሰማ። ሰውዬው ፈጥኖ መጣ፤ አለንጋው ጮኸ፤ ጋሪው ሄደ። ይህን ገጽ አንብቦ “ጠንካራ ይኑር” የሚል ትምህርት ብቻ ይዞ የሚነሣ ሰው እኔ አልገባኝም።

ሌኒንም ለንደንን ያነብ ነበር፤ በትክክል ለመናገር ያስነብብ ነበር። በጥር 1924፣ ከመሞቱ ሁለት ቀን በፊት፣ ባለቤቱ ናዴዥዳ ክሩፕስካያ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ከለንደን አጫጭር ታሪኮች አንዱን አነበበችለት። ታሪኩ በበረዶ በረሃ እየዳኸ ስለሚሄድ የተራበ ሰውና፣ ከኋላው እየዳኸ ስለሚከተለው የታመመ ተኩላ ነው። ሁለቱም አንዱ የሌላውን ሞት ይጠብቃል፤ ሰውዬው ያሸንፋል። ሌኒን እጅግ እንደ ወደደው ጽፋለች። በማግሥቱ ሌላ እንድታነብለት ጠየቃት። ያኛው ለባለ መርከብ የገባውን ቃል ለመጠበቅ ሕይወቱን ስለሚሰጥ ካፒቴን ሆነ። ሌኒን ሳቀና በእጁ “ተዪው” አላት።

ከዚያ አምስት ዓመት በኋላ በፋሺስቶች ጣሊያንና በዩጎዝላቪያ የለንደን መጻሕፍት “አክራሪ” ተብለው ታገዱ። በ1933 ናዚዎች የሶሻሊዝም ጽሑፎቹን ከሌሎች ጋር በእሳት ማገዱ። አንዱ መንግሥት የሚያቃጥለውን ደራሲ የሌላው መሪ አልጋው ላይ ሆኖ ያስነብበዋል።

ስማቸው የተፈጠረላቸው ሰዎች

ለብዙ አሥርት ዓመታት ጥቂት አንባቢ ብቻ ያነሣው የነበረ ሦስተኛ ሙግት አለ። ባክን ከሞት ያዳነው፣ ውሻውም ከልቡ የወደደው ጆን ቶርንተን በመጨረሻው ምዕራፍ ይገደላል። ገዳዮቹ “ዪሃት” የተባሉ የአገሩ ተወላጆች ናቸው። ለምን ገደሉ? መጽሐፉ አይነግረንም። እንዴት ይኖራሉ? አይነግረንም። ባክ ይበቀላቸዋል፤ እነሱም “የመንፈስ ውሻ” እያሉ ሲፈሩት ይኖራሉ። ዪሃት የሚባል ሕዝብ በዚያ ምድር የለም፤ ስሙ የደራሲው ፈጠራ ነው። ለውሻ ውስጣዊ ሕይወት ያን ሁሉ ገጽ የሰጠ ብዕር፣ ለባለ አገሮቹ አንዲት ምክንያት እንኳ ነፈጋቸው።

በእውነተኛው ታሪክ በክሎንዳይክ ወንዝ አፍ ይኖሩ የነበሩት ትሮንደክ ህወችን የሚባሉ ሕዝቦች ናቸው። “ክሎንዳይክ” የሚለው ስም ራሱ መጤዎቹ የእነሱን ቃል መጥራት አቅቷቸው ያበላሹት ነው። የወርቅ ፈላጊው ጎርፍ ሳልመን ዓሣ የሚያጠምዱበትን መንደር አጥለቀለቀው። አለቃቸው ቺፍ አይዛክ ሕዝቡን ይዞ ከዶውሰን ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ታች፣ ሙስሃይድ ወደተባለ ቦታ ወረደ። ባህሉ በግርግሩ እንዳይጠፋ ብሎም ዘፈኖቻቸውንና ጭፈራዎቻቸውን በአላስካ ላሉ ዘመዶቻቸው በአደራ ሰጠ። አደራው ከብዙ ዘመን በኋላ ተመልሷል። በ2023 ዩኔስኮ አካባቢውን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ስሙን “ትሮንደክ ክሎንዳይክ” አለው፤ ባለቤቱን ከፊት፣ ወርቁን ከኋላ አድርጎ ማለት ነው።

በ2020 ሃሪሰን ፎርድ የተወነበት ፊልም ሲሠራ ዪሃቶች ከታሪኩ ወጡ፤ ቶርንተንን የሚገድለው ወርቅ ያሰከረው ነጭ መንገደኛ ሆነ። በፊልሙ ውስጥ ግን ሌላም የጠፋ አለ። ባክ እውነተኛ ውሻ አይደለም፤ ተዋናይ በእጅና በእግሩ እየሄደ ከተወነው በኋላ በኮምፒዩተር የተሣለ ነው። ብዙ ተመልካች ያጉረመረመውም በዚህ ነው፤ የውሻው ፊት ሰው ሰው ይላል። ለንደን ራሱ የተከሰሰበት ጥፋት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በስሙ ተፈጸመ።

አንዱ ገባ፣ ብዙዎቹ ወጡ

አንባቢ አስተያየቱን በአፍ ብቻ አይሰጥም፤ በእግሩም ይሰጣል። አሜሪካዊው ክሪስ ማካንድለስ የለንደን አድናቂ ነበር፤ በእንጨት ላይ የቀረጸው፣ ለንደንን የሚያነግሥ ጽሑፍም በኋላ ተገኝቷል። በ1992 ትንሽ ሩዝና አንድ ጠመንጃ ይዞ ብቻውን ወደ አላስካ ዱር ገባ። በነሐሴ ወር፣ በ24 ዓመቱ፣ በተጣለ አሮጌ አውቶቡስ ውስጥ ሞተ። ታሪኩን በ1996 መጽሐፍ ያደረገው ጆን ክራካወር አንድ የሚያሳዝን ነገር አንሥቷል፤ ወጣቱ ያነበበው ልብ ወለድ መሆኑን የረሳው ይመስላል፣ ለንደን ራሱ በሰሜን ያሳለፈው አንድ ክረምት ብቻ መሆኑንም እንዲሁ። ባክ ከባድ ጠጉርና ክራንቻ ነበረው። ልጁ ግን የነበረው መጽሐፉ ነው።

ሌሎች አንባቢዎች ደግሞ ተነሥተው ወጡ። ለንደን በ1916 በ40 ዓመቱ ሲሞት በመድረክ የሚታዩ እንስሳት በስተጀርባ በምን ስቃይ እንደሚሠለጥኑ የሚያጋልጥ ሌላ የውሻ ልብ ወለድ ጽፎ ጨርሶ ነበር፤ በ1917 ታተመ። በመቅድሙም አንባቢውን አንድ ቀላል ነገር ለመነ፤ የእንስሳት ትርኢት ሲጀመር ተነሥታችሁ ውጡ። በ1918 የማሳቹሴትስ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር “የጃክ ለንደን ክለብ” የተባለ ስብስብ አቋቋመ። መዋጮ የለውም፤ ስብሰባ የለውም። የአባልነት ግዴታው ያው ነው፦ ከወንበር መነሣት። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ገቡበት። ለባክና ለመሰሎቹ ከተሰጡት የአንባቢ አስተያየቶች ሁሉ ምናልባት ውሾቹን በቀጥታ የጠቀመው ይኸኛው ነው።

ውሻ በበላበት ይጮኻል

ይህን ታሪክ በአማርኛ ስናስበው ገና ከቃሉ እንሰናከላለን። “ተኩላ” ስንል አንዳንዶቻችን የምናየው የመጽሐፍ ቅዱሱን የበግ ጠላት ነው፤ ሌሎቻችን ደግሞ በቡድን የሚያድነውን የቆላውን ዝንጉርጉር የዱር ውሻ። የእኛው እውነተኛ ተኩላ በባሌና በሰሜን ተራሮች አይጥ እያደነ ይኖራል፤ እኛ ግን “ቀይ ቀበሮ” እንለዋለን። ቁጥሩ አምስት መቶ ገደማ ነው። በባሌ የዌብ ሸለቆ የቤት ውሾች ከቀበሮዎቹ ጋር መዳቀላቸው ተረጋግጧል፤ ከእነሱ የሚጋባው የእብደት በሽታም መንጋዎችን ደጋግሞ ጨርሷል። ባክ ወደ ዱር ሲገባ ለአሜሪካ አንባቢ ነፃነት ነው። ባሌ ላይ ግን ጌታው ያላስከተበው ውሻ ወደ ዱር ሲገባ መቅሠፍት ነው።

ከቃሉ ቀጥሎ ተረቱ አለ። “ውሻ በበላበት ይጮኻል” እንላለን። ላበላው ይወግናል ማለታችን ነው፤ አንዳንዴ ለምስጋና፣ ብዙ ጊዜ ለስድብ። መጽሐፉን ያነበቡ ብዙ ሰዎች ባክ ይህን ተረት እንደ ሰበረው ያምናሉ፤ ከእጅ በላ፣ ጎተተ፣ በመጨረሻም ለማንም ሳይጮኽ ሄደ። የመጽሐፉ ስምም ያንን ያስመስላል። ጥሪው ከዱር ነው፤ ውሻው ሰማ፤ ሄደ፤ አለቀ።

አላለቀም። ቶርንተን በሕይወት ሳለ ባክ የሠራለትን እናስታውስ። በዶውሰን ጎዳና 20 ጆንያ ዱቄት፣ 450 ኪሎ፣ የተጫነ ጋሪ ከበረዶ ጋር ተጣብቆ ቆሟል። ሰው ውርርድ አስይዟል። ቶርንተን አለንጋ አላነሣም፤ ተንበርክኮ በውሻው ጆሮ አንሾካሸከ። ባክ ጋሪውን ነቅሎ 90 ሜትር ያህል ጎተተው። በመላው መጽሐፍ ውስጥ ባክ ዱላ ሳይፈራ የጎተተው ትልቁ ሸክም ይህ ነው። ጌታው ከሞተ በኋላ በአገሩ የሚወራው ደግሞ እንዲህ ነው። በየዓመቱ በጋ ሲሆን አንድ ትልቅ፣ ጠጉሩ የሚያምር ተኩላ ብቻውን ከጫካው ይወርዳል። ወርቅ የነበረባቸው ከረጢቶች በስብሰው፣ ሣር በቅሎባቸው ወደ ተረሱበት ሸለቆ ይመጣል። ጥቂት ይቆማል። አንድ ጊዜ፣ ረዥም፣ ያላዝናል። ከዚያ ይሄዳል።

በእኛ ዘንድ ውሻ በሌሊት ሲያላዝን ሰው ሊሞት ነው ይባላል። ባክ ግን የሚያላዝነው ለሞተው ነው። እንግዲህ ባክ ምን አለ ብሎ ለሚጠይቀኝ መልሴ ይህ ነው፦ ቀይ ሹራብ የለበሰው ሰውዬ ጓሮ በልቶ ነበር፤ እዚያ ተመልሶ አልጮኸም። የጮኸው በተወደደበት ነው። “የዱር ጥሪ” ሰባት ምዕራፍ ያላት ቀጭን መጽሐፍ ናት፤ በሁለት ምሽት ታልቃለች። በመጀመሪያው ምዕራፍ ቆመጡ ላይ የዘጋችኋት ካላችሁ መልሳችሁ ክፈቷት፤ ፍርዳችሁን ግን የመጨረሻዋን ገጽ ሳታነቡ አትስጡ።